ትርንጎን ከፎቶው ያወጣሁ ለት

እኔ ሰው አላምንም። ይኼን ከወዲሁ ልንገራችሁና ኋላ እንዳትቀየሙኝ። አውቶቡስ በሰዓቱ ከመጣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?» ብዬ ቁጥሩን ደግሜ አያለሁ። ባለሱቁ ፈገግ ካለልኝ የወተቱን ቀን አገላብጬ አነባለሁ። ሐኪም «ምንም የለብህም» ያለኝ ለታማ እንቅልፍ የለኝም፤ ይኼ ሰው የደበቀኝ ነገር አለ እያልኩ ስገላበጥ አነጋለሁ። ሚስቴ ትርንጎ «አንተኮ ስትወለድ አዋላጇን መታወቂያ ሳትጠይቅ አልቀረህም» ትለኛለች። ትሳቅ። እንዲህ እየተጠራጠርኩ ነው እስካሁን በሰላም የኖርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ጥርጣሬዬን እንቅልፍ ጣለው፤ የማጫውታችሁም ያን ጊዜ ያደረግሁትን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ልጃችን ወታደር ቤት ከመግባቷ በፊት ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ ገዛችልኝ። «አባ፣ ያላ፣ በል ዘመናዊ ሁን» አለችኝ። የት እንደምውል ልትሰልለኝ ይሆናል ብዬ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ኋላ ግን አንድ ማለዳ ይዤው ወጣሁ። የምኖረው እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ነው፤ የምሠራው እዚያው አጠገብ ቤኤር ቱቪያ፣ ማኽሳን ውስጥ ነው፤ ያው የዕቃ መጋዘን ማለት ነው። የሥራ መኪና የምንጠብቅበት ጥግ ከከተማው ዳር ሲሆን፣ ከአስፋልቱ ማዶ ስንዴ የሚዘራበት ሜዳ አለ። ከሜዳው ጫፍ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ያ ሜዳ እንዴት እንደሚያምር ለስንት ዓመት ቆሜበት አላየሁትም ነበር። በስልኩ ሳየው ነው ያየሁት።

ማንሳት ጀመርኩ። ግን ልብ አድርጉልኝ፤ እኔ ባደግሁበት አገር ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነው። ጎንደር ፎቶ ቤት ገብቶ «እስቲ ይኼን ጋራ አንሱልኝ» የሚል ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ይዘውት ጠበል ይሄዳሉ። ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይባላል? ማን ተነሳው ይባላል? ስለዚህ እኔም ሜዳ ባነሳሁ ቁጥር ትርንጎን እዚያ ላይ አቆማታለሁ። ትርንጎ አትክልት በሚታሸግበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ የሷም መኪና ከዚያው ጥግ ነው የሚነሳው። «ወደ ግራ ሂጂ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቀና በይ» ስላት «ምን በድዬህ ነው በጠዋቱ የምታንከራትተኝ?» እያለች ቦርሳዋን መሬት ላይ ታስቀምጥና ትቆማለች። ቦርሳዋ ወንድሟ ከጎንደር በሰው የላከላት፣ ዳርና ዳሯ የተጠለፈ የሸማ ቦርሳ ናት። ምሳዋን በሷ ነው የምትይዘው።

ያነሳሁትን ለዘመድ እልካለሁ። በስልክ አንድ የቤተሰብ ማኅበር አለን፤ ያቭኔ ያሉት የትርንጎ አጎት አባ ይርዳው ከነቤተሰባቸው፣ ጎንደር ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ውባንተ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ውባንተ ወደዚህ የሚመጣበትን ተራ እየጠበቀ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ፎቶ በላክሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመልሰው እሱ ነው። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። ፎቶ አነሳሴን አድንቆ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ሰው አንዴ ከተደነቀ አይጠግብምና፣ ገደራ ባለው የባህል ማዕከል የፎቶ ሁግ እንደተከፈተ ስሰማ ተመዘገብኩ። ሁግ ማለት በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስቦ አንድ ነገር መማር ነው። የኛው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። በነፃ መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቴም በነፃ ነው አሉኝ፣ ያኔ የባሰ ጠረጠርኩና ሄድኩ።

አስተማሪያችን ሺራ እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ሦስት ቃል ይሄድና በዕብራይስጥ ይወድቃል። ከተማሪዎቹ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው ቦሪስ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ሳይስቅ የሚቀልድ ይሁን ሳይቀልድ የሚናገር እስከ ዛሬ ያልገባኝ ሰው። ሁለተኛዋ በላይነሽ ናት፤ እዚያው ገደራ ሕፃናት የምትጠብቅ፣ ሁሉን ነገር እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ የምታስረዳ ሴት። የሁጉ ደንብ እንዲህ ነው፦ የአንዱ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይበራል፣ ሌሎቹ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ ባለፎቶው ዝም ይላል። ዝም! በፍርድ ቤት እንኳ ተከሳሽ ይናገራል።

የኔ ተራ ደረሰ። ሜዳዬ በግድግዳው ልክ በራ። አረንጓዴው፣ ዛፉ፣ ደመናው፣ በስተግራ ትርንጎ፣ ከሷ ወደ ቀኝ ራቅ ብላ ቦርሳዋ።

«ይቺ ሴት ምን ትሠራለች?» አለች ሺራ።

«መኪና እየጠበቀች ነው፤ እኔ ነኝ...»

«ጋሼ፣ ሼኬት! ዝም ነው የምትል።»

በላይነሽ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችና «ሴትዮዋ የተቆጣች ትመስላለች» አለች ቀስ ብላ። እውነቷን ነው፤ ተቆጥታ ነበር። ቦሪስ ደግሞ ተነሳና ወደ ግድግዳው ሄዶ በእጁ መዳፍ ግራውን ሸፈነው። ትርንጎን ሸፈናት። «እንዲህ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሺራ የፎቶውን ጠርዝ ይዛ ወደ ቀኝ ገፋችው። እናንተዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሴት በአንዲት ጣት ሄደች! ፎቶ ከዳር ከዳሩ መከርከም ይባላል አሉ። እኔ የማውቀው ሌላ ስም አለው። አባቴ የሰው መሬት ሲያርሱ፣ ጎረቤታችን በየዓመቱ በአንድ ትልም ድንበር እየገፋ ነው ከማሳችን ሲሶውን የወሰደው። ከዳር ነው የሚጀመረው። ሁልጊዜ ከዳር ነው። ሦስቱንም በየተራ አየኋቸው። እነዚህ ሰዎች ፎቶዬን ምን ሊያደርጉት ነው? ቀንተዋል አልኩ በልቤ። ሜዳዬ ከነሱ ሜዳ በልጦ ነው።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ትርንጎ ስትወጣ ሜዳው አማረ። ልዋሽ አልችልም፤ ሰፋ፣ ተነፈሰ፣ ዓይኔ እስከ ዛፎቹ ድረስ ያለ ከልካይ ሄደ። ያን ለት በአውቶቡስ ስመለስ ስልኬን ከፍቼ የተከረከመውን አያለሁ፣ ቀና ብዬ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እንዳያየው እሸፍነዋለሁ። ሌላ ሴት የለመደ ባል እንዲህ ይሆን ይሆናል፤ እኔ ከሜዳ ጋር ነበርኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጥርጣሬዬን እንቅልፍ ጣለው ያልኳችሁ ሆነ። በላይነሽ ሰማዩ በዛ አለች፤ ከረከምነው። ቦሪስ ቀለም ሰውን ያዘናጋል፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን አለ፤ ሆነ። አሁን በፎቶው ውስጥ የቀረው ግራጫ ሜዳ፣ ጥቁር ዛፍ፣ መሬት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ቦርሳ ነው። ሺራ ተነስታ አጨበጨበች። «ቦርሳዋ! ጋሼ፣ ቦርሳዋን ተመልከት! ባለቤቷ የት ሄደች? ጥሩ ታሙና፣ ጥሩ ፎቶ፣ ሰውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን አይሰጠውም» አለች። ከዚያ ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር አሰመረችበት። ስም ያስፈልገዋል ተባለ። ቦሪስ ብዙ አስቦ «ዝምታ» አለ። ተስማማን። ሺራ እዚያው አትማ፣ በጥቁር ፍሬም አድርጋ ሰጠችኝና፣ ያቭኔ ከተማ ለሚደረገው የሁጋችን ትርዒት ከተመረጡት አንዱ የኔ መሆኑን ነገረችኝ።

የኔ! የመጋዘን ሠራተኛው ፎቶ ያቭኔ አዳራሽ ሊሰቀል ነው! ከደስታዬ የተነሳ አንድም ነገር ሳልጠረጥር፣ ከገደራ ወደ ቂርያት ማላኪ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ፎቶዋን ለቤተሰብ ማኅበር ላክኋት። ከሥሯ «ዝምታ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩም፤ ባለፎቶው ዝም ይላል ተብለናላ።

ሁልጊዜ ፎቶ በላክሁ ቁጥር ወዲያው ነው ምርቃቱ የሚወርደው። ያን ለት ጭጭ። ውባንተ ጭጭ፤ ያቭኔዎቹ ጭጭ። አይተውታል፤ ማየታቸው ስልኩ ላይ ይታያል። ነገሩ ሸተተኝ። «አሃ» አልኩ፣ «ዘመድም ይቀናል ማለት ነው።»

ቤት ስገባ ትርንጎ ስልኳን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ የታለሁ?» አለች።

«የት?»

«እዚህ ላይ። ቦርሳዬ ይኼው። እኔ የታለሁ?»

«ተከርክመሽ ነው።»

«ማን ነው የከረከመኝ?»

«ሺራ።»

«ሺራ ማናት?»

«አስተማሪያችን ናት። ፎቶውን ዘጋሽው አለች፤ ማለት... ዓይን ወዳንቺ ይሄዳል አሉ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ሃያ ምናምን ቢሆናት ነው።»

«ቤሰደር» አለች፤ እሺ፣ ደህና ነው እንደማለት። ትርንጎ ቤሰደር ካለች ምንም ነገር ቤሰደር አይደለም። የስልኳን ድምፅ አጥፍታ፣ ትራሷን ይዛ ወደ ልጃችን ክፍል ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። ከበሩ ጀርባ «የአጎቴ ልጅ ሚስቱን ሊፈታ ሲል መጀመሪያ ያነሳው መቀስ ነበር! ከሠርጉ ፎቶ ላይ ቆርጦ ጣላት! አላውቅም መሰለህ?» ስትል ሰማኋት። እኔም ተቀየምኩ። ሰው ትልቅ ነገር ሲያገኝ አብሮ መደሰት ማንን ገደለ?

ረቡዕ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ውባንተ ከጎንደር ደወለ። ውባንተ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም።

«ትርንጎ እንዴት ናት?» አለ።

«ደህና ናት።»

«ስልኳ አይነሳም።»

«ሥራ ላይ ናት፤ ፋብሪካው ስልክ አያስገባም።»

«ማታም አልተነሳም።»

ተኳርፈናል አይባል ነገር፤ ለወንድሟ እንዴት ብዬ? «ትንሽ አሟት ነበር፣ ተኝታ ነው» አልኩ። «ጉንፋን ነው፤ አሁን ተሽሏታል።»

ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። በመጨረሻ «አይዞህ» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ ዘጋውም።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ሩቅ ላለው ዘመዱ መጀመሪያ «ደህና ነው» ይባላል፤ ቀጥሎ «ትንሽ አሞት ነበር»፤ ቀጥሎ «ተሽሎታል»፤ ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። እኔ ራሴ አባቴ ከተቀበሩ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ «ጉልበታቸውን ነው ትንሽ የሚያማቸው» ተብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኼን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ በጥቁር የተከበበ ፎቶ፣ ባለቤት የሌላት ቦርሳ፣ ከሥሯ «ዝምታ» የሚል ጽሑፍ ልኬ፣ በማግሥቱ ደግሞ «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል» ብዬ በቅደም ተከተል ነገርኩት! እሱ እየሰማ ያለው ምን እንደሆነ በፍጹም አልታየኝም። እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው፤ ትርንጎ ከሳኛለች ብዬ ነው።

ማታ ስትመጣ በበሩ በኩል «ወንድምሽ ይፈልግሻል፣ ደውይለት» አልኳት።

«ሽማግሌ አድርገህ ልትልክብኝ ነው? ጎንደር ድረስ?» አለች። «አልደውልም! ከገደራዋ ጋር ተማከር።»

ገና ራቴን ሳልጨርስ አባ ይርዳው ከያቭኔ ደወሉ። አባ ይርዳው የማኅበራችን ትልቁ ሰው ናቸው፤ ያለ ምክንያት አይደውሉም።

«ቤት ነህ ልጄ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ብቻህን ነህ?»

የተዘጋውን በር አየሁት። «ብቻዬን ነኝ» አልኩ።

«ምነው ለኛ እንኳ ሳትነግረን?» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

«እንዴት ብዬ ልንገር? አፍሬ ነው።»

«ምን ያሳፍራል፣ በሁሉም የሚደርስ ነው። በርታ። ነገ ንጋት ላይ እንመጣለን።»

በቃ፣ ሽማግሌ ሊቀመጥብኝ ነው አልኩ። በሁሉም ቤት ኩርፊያ የሚደርስ መሆኑን ከነገሩኝስ ጥሩ ነው፤ ግን ንጋት ላይ ምን አስቸኮላቸው? ትርንጎ ምን ብላ ብትነግራቸው ነው? የሺራን ዕድሜ ነግራቸዋለች ማለት ነው። ተነስቼ መከላከያዬን አሰናዳሁ። በፍሬም ያለችውን ፎቶ ጠረጴዛው መካከል አቆምኩ፤ ሜዳው እንዴት እንደሰፋ አይተው እንዲፈርዱ። የምናገረውንም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ ጥፋቴን አምኜ፣ ኋላ ቀስ ብዬ ወደ ኪነ ጥበብ ልወስዳቸው ነው።

ሐሙስ ገና ወገግ ሲል በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ መታጠቢያ ቤት ነበረች፤ ውኃው ይሰማል። ከፈትኩ። አባ ይርዳው ከፊት፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከኋላ፣ ሌሎች አምስት ሰዎች ተከትለዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለሽምግልና ይኼን ያህል ሰው? ምናልባት ሌላ ልቅሶ አለባቸው፣ ከኔ ዘንድ ወደዚያ ሊያልፉ ይሆናል አልኩ በልቤ። ማንም ደህና አደርክ አላለኝም። ገብተው ግድግዳ ግድግዳውን ተቀመጡ።

ወረቀቴን አወጣሁ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ሰምቼ ነው። ቀድሜ ላማክራት ሲገባኝ...»

«ተው ልጄ» አሉ አባ ይርዳው፣ ትከሻዬን ይዘው። «ያንተ ጥፋት አይደለም። የላይኛው የወሰነው ነው።»

ይኼኔ ነው በደንብ የጠረጠርኩት። ሽማግሌ ገና ሳይከራከሩት በነፃ ለቆ አያውቅም! ዞር ስል እትዬ ዘነቡ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ፎቶ አንስተዋል። ትንሽ አዩና «ውይ! ቦርሳዋ! ውይ የኔ ልጅ፣ ቦርሳሽ ብቻ ቀረ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ በልቅሶ ተናጋ። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የእስራኤል ምድር ከገባሁ ጀምሮ ለፎቶ እንዲህ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። ወይ ይኼ ፎቶ በእውነት ጥሩ ነው አልኩ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ትርንጎ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ፣ እጇ ሳሙና እንደነካው ብቅ አለች።

የእትዬ ዘነቡ ጩኸት እመሐል ላይ ቆመ። ሰባቱም ሰዎች አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ አንዱ ተነስቶ ወደ በሩ መሸሽ ጀመረ። ትርንጎ አጎቷን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ እንባቸውን አየች። ሰዓቱን አየች። ቀለሟ ሲጠፋ አየሁት።

«ማነው?» አለች።

የሚመልስ ጠፋ። ሞታለች ብለው የመጡባት ሴት ቆማ ስትጠይቅ ማን አፍ ይኖረዋል? እነሱ ዝም ባሉ ቁጥር ግን እሷ መልሱን እያገኘች ነበር።

«ጋሼ ውባንተ ነው? ጋሼ ውባንተ ነው አይደል?» አለችና እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። ፎቶው፣ «ደህና ናት»፣ «አይዞህ»። ክው አልኩ። ሮጬ አጠገቧ ተንበርክኬ «ማንም አልሞተም! ትርንጎ፣ ሙች፣ ማንም አልሞተም፣ ደህና ነው!» አልኳት።

«እንዲህ ነው የሚባለው!» ብላ ጮኸች። «ደህና ነው ነው የሚባለው! ዘጠኝ ዓመት ጠብቄው! ዘጠኝ ዓመት!» እያለች እጇን መሬት ላይ ትመታለች። አባ ይርዳው «ልጄ፣ አንቺ ነሽ የሞትሽው፣ እሱ ደህና ነው» ሲሏት የባሰ ጮኸች። ምን ቢባል እንደምታምን አላውቅም ነበር። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያን ለት ያላመነኝ ሰው የለም፤ አለማመንን ደግሞ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ስልኬን አውጥቼ ትርንጎ ፊት ያዝኩና በምስል ደወልኩ። ይጠራል። ይጠራል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ የረዘመ ጥሪ የለም። ውባንተ ብቅ አለ፤ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ከኋላው ሰዎች ተቀምጠዋል። ለቅሶ ሊቀመጡ ተሰብስበው ነው። ስልኩን ወደ ትርንጎ አስጠጋሁት።

ከዚያ ውባንተ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ስልኩ ቀረበ።

«የድሮ ምስል ነው የምታሳዩኝ» አለ።

«ጋሼ!» አለች ትርንጎ።

«እጅሽን አንሺ።»

አነሳች።

«እሱን አይደለም። የግራውን።»

የግራ እጇን አነሳች፤ ሳሙናው በክንዷ ይወርዳል። ያኔ ውባንተ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው መሰል፣ ጨለማ ብቻ ሆነ፤ ከጨለማው ውስጥ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። ትርንጎም ታለቅሳለች። አባ ይርዳው ያለቅሳሉ። ያን ሁሉ መንገድ ለልቅሶ መጥተዋልና ሳያለቅሱ አልተመለሱም። እኔም አለቀስኩ፤ የኔ ግን ከሁሉም የባሰው የኀፍረት ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ስለ ሁጉ፣ ስለ ቦሪስ፣ ስለ ጥቁርና ነጭ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እትዬ ዘነቡ «ታዲያ ያልተቆረጠችውን አምጣት እስቲ» አሉ። ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አባ ይርዳው «ዛፏን ብትቆርጣት ነበር የሚሻል፤ ዛፍ እዚህም ሞልቷል» አሉ። አንደኛው ሰውዬ «ሜዳውን ከሥር ቀንሰህ ልጅቷን ወደ መሐል ነው» አለ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ «ምነው ከስታለች? ሰፋ አድርገህ አታነሳትም?» አሉኝ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ደንቡ እሱ ነው።

ትርንጎ ፎቶዋን መጨረሻ ላይ ተቀበለችና አየቻት።

«ለጋሼ ውባንተ ሜዳ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ፤ አሁን አልተቆጣችም። «ፎቶው ሲመጣለት መጀመሪያ እኔን ነው የሚፈልገኝ። አለች፣ አልከሳችም፣ ቆማለች ይላል። ከዚያ ነው ተመስገን የሚለው። ባንተ ፎቶ ነውኮ የሚያየኝ። ሌላ ምን አለው?»

ይኼን ሁሉ ጊዜ ያ «ተመስገን» ለኔ የተባለ መስሎኝ ስኮፈስ ነበር። ሺራ ጋ ደውዬ ፎቶዬን ከትርዒቱ እንድታወጣ ለመንኳት። «ለምን ጋሼ? ሰው ሁሉ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር!» አለች። «ጠይቀዋል» አልኳት።

የሥራ መኪኖቻችን ሁለቱም አልፈውናል። አባ ይርዳው «እዚህ ድረስ መጥተን እንዲሁ አንመለስም፤ ለውባንተ ልቡ እንዲረጋ ሁላችንንም አንሳን» አሉ። ወጥተን አስፋልቱን ተሻገርን። ሰባቱን ለቀስተኞች ከነነጠላቸው፣ ትርንጎን መሐል አድርጌ፣ ሜዳው ፊት ደረደርኳቸው። ግማሹ ዓይኑ ቀልቷል፤ ግማሹ ይስቃል። ሜዳው ከኋላቸው ጨርሶ አይታይም። አንድ ጥፍር ሳልከረክም ላክሁት።

ውባንተ ወዲያው ደወለ። ደስ ብሎት መስሎኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማሁ።

«አየሁት» አለ። «አንድ በአንድ ቆጠርኳችሁ። ግን ባሏ የለም።»

«የምን ባሏ? እያናገርኩህ ያለሁት እኔ ነኝ!» አልኩ።

«ድምፅማ ትናንትም ነበር» አለ። «እስከ ዛሬ ስንት ፎቶ ላካችሁልኝ? አሁን ሁሉንም መልሼ አየሁት፤ አንተ አንዱም ላይ የለህም። ምንድነው የምትደብቁኝ?»

ሁላችንም ተያየን። ትርንጎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ሂድ፣ ሂድ እዚያ ቁም!» አለችኝ።

ሄጄ ቆምኩ፤ እሷ ትቆምበት የነበረ ቦታ ላይ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሌላውን ሳቆም ኖሬ እጄን የት እንደማደርገው እንኳ አላወቅሁም። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት፤ ዓይኔ አነባ። ትርንጎ ስልኩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ደግሞ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ከስልኩ በላይ ብቅ ብላ ጮኸችብኝ።

«ፈገግ በል እንጂ! ሞቷል ሊል ነው!»